ወንዝ የምታንኳኳው በቅሎ

ኑ ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ትልልቆቹም ወንበራችሁን ሳቡ፤ ይህ ተረት ከእናንተ ይልቅ ለእነሱ ነው ብዬ የማባርረው ሰው የለኝም።

በድሮ ጊዜ፣ ከድሮም ወዲያ፣ እንስሳት እንደ ሰው ይነግዱ በነበረበት ዘመን፣ ተረቱን የነገሩኝ ሰዎች ራሳቸው ስሟን በረሱት አንዲት አገር ዳማ የምትባል በቅሎ ነበረች። ሥራዋ ጨው መጫን ነው። ከቆላው የጨው ምድር እስከ ደጋው ገበያ አሞሌ ጨው ተሸክማ ትመላለሳለች። ያውም እንዲሁ ጫኝ ብቻ አይደለችም፤ የሲራራው፣ የነጋዴው ጓዝ ሁሉ፣ መሪ ናት። አንገቷ ላይ ቃጭል ታስሮላታል። ቃጭሉ ቃል ቃል ሲል አህዮቹ ይከተላሉ፤ ቃጭሉ ዝም ሲል አህዮቹ ይቆማሉ።

ጨው ውሃ እንደማይወድ ታውቃላችሁ። ጫኟ ወንዝ ውስጥ ከወደቀች የወር መንገድ ድካም በአንድ ጊዜ ሟሙቶ የዓሣ ወጥ ማጣፈጫ ይሆናል። ስለዚህ ዳማ ወንዝ ስትደርስ ዘላ አትገባም። እንደ ጨዋ እንግዳ ታንኳኳለች። ቀኝ እግሯን አንሥታ ውሃውን በሰኮናዋ ሦስት ጊዜ ትመታለች፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከዚያ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ታዳምጣለች። ከሥር ድንጋይ ከሆነ ድምፁ ይመለሳል፤ አሸዋ ከሆነ ይዋጣል። ድምፁ በተመለሰበት ትረግጣለች፣ አንድ እርምጃ ትሄዳለች፣ እንደገና ታንኳኳለች።

ይህን ሙያ እንዴት እንደጀመረችው ለማንም ነግራ አታውቅም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ዓመቷ ወንዝ ዳር ስትደርስ ከፍርሃት የተነሣ እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሲንቀጠቀጥ ውሃውን ይመታል፤ ሲመታ ድምፁን ሰማች። ሙያው ከዚያ መጣ።

በአሥራ ሰባተኛው ዓመት ጌታዋ ነጋድራስ ጎሽ ንግድ በቃኝ አሉ። ቃጭሉን ከአንገቷ ፈቱና፣ «ልጄ፣ እኔ ገዳም ልገባ ነው፤ አንቺንም እግዜር ሥራ ይስጥሽ» ብለው መርቀዋት ሄዱ።

ዳማ አልደነገጠችም። «እኔን የመሰለች በቅሎ ሥራ አታጣም። ሥራው ነው እኔን እንዳያጣ መፍራት ያለበት» አለች። ይህን ያለችው ሰኞ ነው። እስከ ዓርብ ድረስም ታምንበት ነበር።

በዚያ አገር ሥራ ያላት በቅሎ በሲራራ በረት ታድራለች፤ ገብስ ትበላለች። ሥራ የሌላት ሜዳ ላይ ታድራለች። ሜዳው ደግሞ የአያ ጅቦ ነው።

አያ ጅቦ ጨዋ ነበር። በቅሎ ጉልበት እስካላት ድረስ እንደምትራገጥ ያውቃል፤ ጥርሱንም ይወዳል። ስለዚህ ሣሩ እስኪያልቅና እስክትደክም ይጠብቃል። በመጠበቅ ደግሞ የሚስተካከለው የለም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብቅ ይልና እጅ ይነሣል።

«እትዬ ዳማ፣ ሥራ አገኙ?»

«ነገ አገኛለሁ።»

«አይጨነቁ። እኔ ዘንድ ምንጊዜም ቦታ አለ። ዕድሜ አልጠይቅ፣ ልምድ አልጠይቅ።»

ዳማ በመጀመሪያ የሄደችው በርበሬ ወደሚነግዱት ወደ ወይዘሮ ሰጎን ነው። አንገቷን ቀና አደረገችና፣ «እኔ» አለች፣ «አሥራ ሰባት ዓመት የጫንኩ፣ ሰባት ወንዝ የተሻገርኩ፣ አንድ አሞሌ ያላረጠብኩ!»

«እሰይ!» አሉ ወይዘሮ ሰጎን። «ምን ነበር የሚጭኑት?»

«ጨው ነዋ።»

«አዬ! እኛ እኮ በርበሬ ነው የምንጭነው።»

«እመቤቴ፣ ያው ሸክም ነው። ጀርባዬ የተጫነበትን ፈትቶ አያይም።»

«እንዲህ አይምሰልዎት። ጨው የለመደ ጀርባ በርበሬ ያስነጥሰዋል።»

«ጀርባ ያስነጥሳል እንዴ?»

«አዩ፣ አያውቁትም ማለት ነው!» አሉ ወይዘሮ ሰጎን አሸናፊ ሆነው። «እናከብርዎታለን፤ ሌላ ግን እንፈልጋለን።»

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ አያ ጅቦ መጣ። «እትዬ ዳማ፣ ሥራ አገኙ?» «ነገ አገኛለሁ።»

በማግስቱ ማር ወደሚነግዱት ወደ አቶ ዝንጀሮ ሄደች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «እኔ አሥራ ሰባት ዓመት የጫንኩ፣ ሰባት ወንዝ የተሻገርኩ፣ አንድ አሞሌ ያላረጠብኩ!» አለች።

አቶ ዝንጀሮ አገጫቸውን እያከኩ ቆዩ። «ልምድዎ ብዙ ነው። በጣም ብዙ ነው። መሪ አለን፤ የጎደለን የኋላ ጫኝ ነው። ይህ ለእርስዎ አይመጥንም።»

«የኋላውም ይሁን፣ እጭናለሁ።»

«ይከፋዎታል።»

«አይከፋኝም።»

«ዛሬ አይከፋዎትም። በሳምንቱ ይከፋዎታል፤ በወሩ ጥለውን ይሄዳሉ።»

«አቶ ዝንጀሮ፣ የት ነው የምሄደው?»

«እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፤ አሥራ ሰባት ዓመት የተጓዙት እርስዎ» አሉና ተነሡ። «እናከብርዎታለን፤ ሌላ ግን እንፈልጋለን።»

አመሻሽ ላይ አያ ጅቦ መጣ። «እትዬ ዳማ፣ ሥራ አገኙ?» «ነገ» አለች ዳማ፤ «አገኛለሁ» የሚለውን ግን ሣር እያላመጠች ስለነበር አልጨረሰችውም። ሣሩም እያጠረ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ከርከሮ ሄደች። ከርከሮ ጎልማሳ ነው፤ ንግድ ከጀመረ ገና ሁለት ክረምቱ ነው፤ የሚነግደው ግን ጨው ነው። «ይኼስ የማይቀር ነው፤ ጨውና እኔ እንተዋወቃለን» አለች ዳማ። እውነቷን ነበር። ሥራውን ያጣችው በምላሷ ነው።

ገና በረቱ ውስጥ እንደገባች ዙሪያዋን ቃኘችና፣ «ያቺ አህያ ጭነቷ ወደ ግራ አዘንብሏል። የዚያችኛዋ መጫኛ ላልቷል። የበረቱ በር ለምን ወደ ነፋስ ዞረ? ነጋድራስ ጎሽ እንዲህ አያደርጉም ነበር» አለች።

ከርከሮ ክራንቻውን ነክሶ፣ «ምን ልታዘዝ?» አለ።

«ሥራ ፈልጌ ነው። አሞሌውን መሬት ላይ ነው የምታስቀምጡት? ወይ ጉድ! በእኛ ጊዜ እኮ እንጨት ይነጠፍ ነበር። ነጋድራስ ጎሽ ይህን ቢያዩ…»

«ነጋድራስ ጎሽ የት ናቸው?»

«ገዳም።»

«እሳቸው ዘንድ ሄደው ይጸልዩልን» አለ ከርከሮ ፊቱ እየቀላ። «እናከብርዎታለን፤ ሌላ ግን እንፈልጋለን።»

ዳማ ከበረቱ ወጥታ ግማሽ መንገድ እስክትደርስ ድረስ ቅር ያላት፣ ስለ ውሃ መጠጫው ገንዳ ሳትነግረው መውጣቷ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወሩ አለቀ። በሬ፣ ግመል፣ ፍየል፣ ያልሄደችበት ነጋዴ የለም። አንዱ አርጅተዋል ይላል፤ ሌላው ገብስ ያበዛሉ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ምክንያት መስጠት ይሰለቸውና ከበር ላይ «እናከብርዎታለን!» ብሎ ይጮኻል። የዳማ ጎን አጥንት ይቆጠር ጀመር። አያ ጅቦም ከሩቅ ሰላም ማለቱን ትቶ በየዕለቱ አንድ እርምጃ ይቀርብ ጀመር። አንድ ቀን ማምሻ ላይ ዳማ በልቧ፣ «ቢያንስ እሱ እንፈልግዎታለን ብሏል» ብላ አሰበችና፣ ያሰበችው ነገር ራሷን አስደነገጣት።

በገበያው ቀን ቁራ ከዛፍ ላይ ሆኖ ለፈፈ።

«ስሙ! ስሙ! አቶ ከርከሮ በቅሎ ይፈልጋሉ! ዕድሜዋ ከሦስት ዓመት ያልበለጠ፣ የሥራ ልምዷ ከአሥር ዓመት ያላነሰ!»

«አንተ ቁራ!» አለች ዳማ ከታች። «ከመወለዷ ሰባት ዓመት በፊት ሥራ የጀመረች በቅሎ ከየት ትመጣለች?»

«እኔ የተቀጠርኩት ለጩኸቱ ነው፤ ለሒሳቡ አይደለም» አለ ቁራ።

እንዲህ ያለች በቅሎ አልመጣችም። በሚቀጥለው ገበያ ቁራ እንደገና ለፈፈ። «ስሙ! ስሙ! ልምዱ ቀርቷል! ዕድሜው ግን እንዳለ ነው!»

ይህን ጊዜ የዳማ ወዳጅ ጦጢት ከቅርንጫፍ ላይ ዱብ አለችና ጆሮዋን ጎተተቻት። «እትዬ ዳማ፣ አንዴ ስሚኝ። ልምዱ ነው ያስራበሽ። አውልቂው።»

«ልምድ ኮርቻ ነው እንዴ የሚወልቀው?»

«ይቀባል እንጂ። ሽበትሽን በጥቀርሻና በቅቤ እናጠቁረዋለን፤ የሦስት ዓመት በቅሎ ትሆኛለሽ።»

«ጥርሴስ? በቅሎ የሚቀጥር ሁሉ ጥርስ ያያል።»

«ጥርስሽን የሚያሳየው ምላስሽ ነው። ዝም በይ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትቀጠሪ።»

«ከተቀጠርኩ በኋላስ?»

«ከዚያማ ጨርሶ ዝም በይ!»

በማግስቱ ጦጢት ከጆሮዋ እስከ ጅራቷ የጠቆረች፣ የምታብረቀርቅ በቅሎ እየሳበች ከከርከሮ በረት ደረሰች። ከርከሮ እንደ ወጉ ከንፈሯን ከፍቶ ጥርሷን ሊያይ ሲል ዳማ አንገቷን ደፍታ ፊቷን ከጦጢት ኋላ ሸሸገች።

«ምን ሆናለች?»

«አፋር ናት ጌታዬ። ገና ከእናቷ ጉያ መውጣቷ ነው።»

«ልምድ አላት?»

«የላትም።»

«ወንዝ አይታ ታውቃለች?»

«ወንዝ? ሲወራ እንኳ አልሰማች።»

«ግሩም ነው!» አለ ከርከሮ። «እንዲህ ያለች ነው የምፈልገው። ምንም የማታውቅ፣ ምንም የማትናገር! አንቺ ልጅ፣ ተቀጥረሻል። ከመጨረሻ ትጫኛለሽ፤ ገብስሽ ግማሽ ቁና ነው።»

ለአሥራ ሰባት ዓመት «እትዬ» ስትባል የኖረች በቅሎ «አንቺ ልጅ» ስትባል እንባዋ መጣ። በደስታ ይሁን በውርደት እሷም አላወቀችም። ጥቀርሻው በጉንጯ ሊወርድ ሲል ጦጢት በጅራቷ ጠረገችላት።

ሲራራው በጨው የሚለወጥ እህል ጭኖ ወደ ቆላ ተነሣ። ከፊት ቃጭሉን አስሮ የሚመራው ሻንቆ የሚባል ጥቁር፣ የሦስት ዓመት በቅሎ ነው። በመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ወደ ዳማ መጥቶ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ስሚ አንቺ ልጅ። እኔ ሁለት ጊዜ የተጓዝኩ፣ አንድ ወንዝ የተሻገርኩ፣ ሦስት አሞሌ ብቻ ያረጠብኩ! የማታውቂው ነገር ካለ እኔን ጠይቂ።»

ዳማ ራሷን ነቀነቀች።

«ጭነት ማለት ጀርባ ላይ የሚቀመጠው ነው። ገባሽ?»

ዳማ ራሷን ነቀነቀች። ምላሷን በጥርሷ ይዛ ነበር። «እንዴት ያለ ጉረኛ ነው» አለች በሆዷ። ቀጥላም፣ «አነጋገሩን ግን የት ነው የማውቀው?» አለች። ሲገባት ጆሮዋ እስከ ጫፉ ሞቀ፤ ጥቀርሻ ባይኖርበት መቅላቱ ይታይ ነበር።

ምላስ ማሰሩ ቀላል ነበር። ያስቸገራት እግሯ ነው። መንገድ ላይ ትንሽ ኩሬ ባገኙ ቁጥር ቀኝ እግሯ በገዛ ፈቃዱ ይነሣና ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጋል። ውሃው ግን የወፍ ጥም የሚቆርጥ እንኳ አልነበረም።

«ምን ሆነሽ ነው?» ይላል ሻንቆ።

«ጉንዳን ነክሶኝ ነው» ትላለች ዳማ ከንፈሯን ሳትከፍት።

አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ሲደርሱ ደግሞ አራቱም እግሯ ቀጥ አለ። ነጋድራስ ጎሽ ለአሥራ ሰባት ዓመት ጭነት የሚያራግፉት እዚያ ዋርካ ሥር ነበር። ከኋላ ጭነቱን የሚጠብቀው ከርከሮ ከነግንባሩ ገጫት።

«ምነው ቆምሽ?»

«እግሬ ደንዝዞብኝ ነው ጌታዬ።»

«ልጅነት!» አለ ከርከሮ አዝኖ።

ከፊቷ የምትሄደው አህያ ጭነቷ ወደ ግራ አዘንብሎ ነበር፤ ዛሬም ወደ ግራ። ዳማ ልትናገር አልቻለችም። ስለዚህ ማንም ሳያይ ጠጋ አለችና በትከሻዋ ገፋ አድርጋ አቃናችው። አህያዋ ዞር ብላ አየቻትና መንገዷን ቀጠለች። ጭነቱ ግን እስከ ጨው ምድር ድረስ አላዘነበለም። «ተናግሬ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እየተጣላን ነበር» አለች ዳማ በሆዷ፤ ነገሩም ትንሽ ከነከናት።

ሲሄዱ ትልቁ ወንዝ ደርቆ ቁርጭምጭሚት አይሞላም ነበር። ሻንቆ ድንጋይ በተከመረበት በኩል እያፏጨ አሻገራቸው። ጨው ጭነው ሲመለሱ ግን ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ፣ ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ዛፍ እየነቀለ፣ እያጓራ ጠበቃቸው። ከማዶ አያ ጅቦ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል። የድሮ ወዳጁን አልረሳም።

«ግባ!» አለ ከርከሮ።

ሻንቆ ወደ ድንጋዩ ክምር ሄደ። ውሃው የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ እያንከባለለ ነበር። የሻንቆ የፊት እግር ተንቀጠቀጠ፤ ቃጭሉም አብሮ ተንቀጠቀጠ።

ዳማ ከመጨረሻ ሆና አየች። ዝም ካለች ይህ ጉረኛ ልጅ ይወሰዳል። ከተናገረች ጥርሷ ይታያል፤ ጥርሷ ከታየ ሥራው የለም፤ ሥራው ከሌለ ማዶ የተቀመጠው አለ። አያ ጅቦም ያሰበችውን የሰማ ይመስል ከንፈሩን ላሰ።

«ቁም!» አለች ዳማ። «በዚያ አይደለም! መሻገሪያው በዚያ ሾላ ሥር ነው!»

ሁሉም ዞሩ። እዚህ ላይ ብታበቃ መልካም ነበር። ምላሷ ግን ለወር ያህል ታስሮ የከረመ ስለሆነ አንዴ ከተፈታ አልቆም አለ። «እኔ አሥራ ሰባት ዓመት የጫንኩ! ሰባት ወንዝ የተሻገርኩ! አንድ አሞሌ ያላረጠብኩ!»

ከርከሮ ቀርቦ አፏ ውስጥ ተመለከተ። ጥርሷ ረጅም፣ ቢጫ፣ የአሮጌ ቤት ማገር ይመስላል።

«ይህ የሦስት ዓመት ጥርስ ነው?»

«ቶሎ የደረሰ ነው» አለች ዳማ።

«አንቺ… እርስዎ… እትዬ ዳማ?»

«የቀባሁት ሽበቴን ነው፤ እግሬን አልቀባሁትም። ተከተሉኝ!» አለችና አንገቷን እንደ ድሮው ቀና አድርጋ ወደ ሾላው ሥር ገሰገሰች።

ወንዙ ዳር ስትደርስ ቀኝ እግሯ ሊነሣ ሲል ተቆጣችው። «ተው! አሥራ ሰባት ዓመት የገባሁበት ነው። የገዛ ቤቱን በር የሚያንኳኳ ማን አለ?»

ረገጠች። ድንጋይ የለም። አሸዋም የለም። ዳማ ከነጭነቷ፣ ከነአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ እስከ ጆሮዋ ሰጠመች።

እየተንፈራገጠች ዳር ስትወጣ ጥቀርሻው በሙሉ ታጥቧል፤ ሽበቷ እንደ ጥጥ አብቧል። አሞሌው ሟሙቶ ከጀርባዋ የተረፈው እርጥብ መጫኛ ብቻ ነው። ከንፈሯን ላሰች። ይህን ሁሉ ዓመት ጨው ጭና ጣዕሙን እስኪበቃት የቀመሰችው ያን ዕለት ነው።

አያ ጅቦ ከማዶ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳቀ።

«አንድ አሞሌ ያላረጠብኩ አላሉም?» አለ ከርከሮ።

ዳማ ዝም አለች። ዝምታው ከጦጢት የተማረችው አልነበረም፤ ይህኛው የራሷ ነው። ኋላም ቀስ ብላ፣ «አላውቀውም» አለች።

«ምኑን?»

«ወንዙን። መሻገሪያው ቦታ ቀይሯል። እኔ የማውቀው የድሮውን ነው።»

«ታዲያ ምን ይዋጠን?»

 ብርዱና ፍርሃቱ ተባብረው እንደ መጀመሪያ ዓመቷ የዳማን እግር ያንቀጠቅጡት ጀመር። የሚንቀጠቀጠው እግሯም ውሃውን መታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ድምፁ ተዋጠ። አሸዋ ነው።

ዳማ ጆሮዋን አቆመች። «ካላወቅነው እንጠይቀዋለና» አለች። በዳርቻው ትንሽ ሄደችና እንደገና አንኳኳች። ተዋጠ። ትንሽ ሄዳ አንኳኳች። ሻንቆ ሊያይ ከኋላዋ ሲከተል ቃጭሉ ቃል ቃል አለ።

«ልጄ፣ ቃጭልህን ዝም አሰኝልኝ። ወንዙ የሚለውን አልሰማ አልኩ።»

ከርከሮ ራሱ፣ የሲራራው ጌታ፣ ሣር ነጭቶ ቃጭሉ ውስጥ ጠቀጠቀ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። አንኳኳች፣ ተዋጠ። አንኳኳች፣ ተዋጠ። ከታች ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ማንም መሻገሪያ ይሆናል ብሎ በማይገምተው የሸምበቆ ጥሻ ውስጥ፣ አንኳኳች።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤ መለሰ።

አንድ እርምጃ ገባች። አንኳኳች፤ መለሰ። ሁለተኛ እርምጃ ገባች። ሻንቆ ሰኮናዋ በተነሣበት ቦታ ሰኮናውን አኖረ፤ አህዮቹ ሰኮናው በተነሣበት አኖሩ። ከሰዓት በኋላው ሁሉ በዚያው አለቀ። ዳማ ማዶ ስትወጣ ከኋላዋ ካለው ጭነት አንድ አሞሌ አልረጠበም። የራሷን ሳንቆጥር ነው።

አያ ጅቦ አቧራውን አራግፎ ተነሣና እጅ ነሣ። «እትዬ ዳማ፣ ሥራ አገኙ?»

ዳማ ወደ ከርከሮ ዞረች። ከርከሮ ባዶውን መጫኛ አየ፤ ሽበቷን አየ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አታለውኛል» አለ።

«አዎ።»

«አንድ ሙሉ ጭነት አሟምተዋል።»

«አዎ።»

«ስለ በረቴ በርም ተናግረውኛል።»

«እሱ ላይ እንኳ እውነቴን ነው» አለች ዳማ፤ ወዲያው ምላሷን ነከሰች።

«እናከብርዎታለን» ብሎ ጀመረ ከርከሮ። ዳማ ዓይኗን ጨፈነች። «ሌላ ግን…» አለና ዞሮ የሚያጓራውን ወንዝ አየ፤ ከዚያ ደረቁን ጨው አየ። «ሌላ ግን አንፈልግም።»

አያ ጅቦ ጅራቱን ወሽቆ ሄደ። በሌላ ሜዳ ላይ ሌላ ሥራ ፈላጊ አለ፤ እሱ መቼም ሥራ አይፈታም።

ከርከሮ በመንገድ ላይ ጠጋ ብሎ፣ «እውነቱን ልንገርዎት እትዬ ዳማ» አላት። «ያን ቀን የመለስኩዎት ስለፈራሁ ነው። እርስዎ ፊት አለማወቄ እንዳይታይ። ዛሬ እርስዎ ራስዎ አላውቀውም ሲሉ ስሰማ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ለካ አዋቂን ፈርቶ ያባረረ፣ ወንዝ ዳር ቀረ።» ከዚያም ቃጭሉን ከሻንቆ ፈትቶ ሊያስርላት ሲል ዳማ አንገቷን መለሰች።

«ለእሱ ይሁን። እኔ ጆሮዬን እፈልገዋለሁ። ገብሴን ግን ሙሉ ቁና አድርጉልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሻንቆ ማንኳኳት ተማረ። ወይዘሮ ሰጎን የማያስነጥስ ጀርባ እስከ ዛሬ እየፈለጉ ነው። ዳማም አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርግና፣ «እኔ አሥራ ሰባት ዓመት የጫንኩ፣ ሰባት ወንዝ የተሻገርኩ፣ አንድ ጭነት ሙልጭ አድርጌ ያሟሟሁ!» ትላለች። መጀመሪያ የምትስቀውም እሷው ናት።

እኔ ተረቴን ወንዝ ዳር አራግፌያለሁ፤ እናንተ አንኳኩታችሁ ተሻገሩ። በዚያ አገር ግን እስከ ዛሬ፣ ሥራ ፈላጊም ቀጣሪም ሲገናኙ እንዲህ ይባባላሉ፤

«ልምድ ምላስ ላይ ሲቀመጥ ሸክም፣ እግር ላይ ሲቀመጥ አቅም።»